የወለሉ መርዶ

ይትባረክ ለጭፈራ የሚነሳው ወፍ ሲንጫጫ ነው። ፊቱን ይታጠባል፣ ዳቦ በሻይ ይቀምሳል፣ ባቡሩን ተጋፍቶ ይሳፈርና ጎተራ ወርዶ አዳራሽ ሰባት በር ላይ ይሰለፋል። በሩ ላይ ጠጅ ጠጅ የሚሸት ሰው የለም። ሽቶ የተቀባም የለም፤ ሽቶ የወለሉን ንባብ ያበላሻል ተብሎ ከተከለከለ ቆይቷል። ሰልፈኛው ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ያዛጋል። በሩ ሲከፈት ሁሉም ጫማውን ያወልቃል፣ ወለሉ ላይ የተሰመረ የራሱ ምልክት ላይ ሄዶ ይቆማል፣ ከዚያም መደሰት ይጀምራል። ሥራው ነው፤ ምን ይደረግ።

በደመወዝ ወረቀቱ ላይ «የስሜት ባለሙያ» ይባላል። ሰፈር ውስጥ ግን እሱንና ባልደረቦቹን «ልብ አከራይ» ነው የሚሏቸው፤ ልጆች እንኳ ከኋላ እየተከተሉ ትከሻቸውን እያወዛወዙ ያሾፉባቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃውስ የሚባለው ሙዚቃ ድሮ የሌሊት ነበር አሉ። ቦሌ መንገድ ግራና ቀኙን ክለብ ተደርድሮበት፣ ዲጄው ከፍ ያለ ቦታ ቆሞ፣ ሰዉ ከኪሱ ከፍሎ፣ ልብ በሉ፣ ከፍሎ ይጨፍር ነበር። ከዚያ የድምፅ ሕግ ወጣ። ክለቦቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ልብስ ቤት የሆነ አለ፣ የጥርስ ክሊኒክ የሆነ አለ፣ ጸሎት ቤት የሆነም አለ። ሙዚቃውን ማሽን ይሠራው ጀመር። ማሽኑ የተባለውን ያህል ሃውስ ይፈለፍላል፣ እንከን አይወጣለትም፣ ግን ሰው ሰለቸው። ቤቱ ቁጭ ብሎ በጆሮው የሚሰማው ሁሉ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቀው፣ እግሩ አልነሳ አለው። ተጠና፣ ተጠናና የጎደለው ተገኘ፤ የጎደለው ላብ ነበር። የሚጨፍርበት ሰው የሌለው ሃውስ ምኑም ሃውስ አይደለም።

አዳራሾቹ እንደገና ተከፈቱ። በዚህኛው ዙር ግን ባር የለ፣ ዲጄ የለ፣ ደንበኛ የለ። ወለሉ የጨፋሪውን እግር፣ የልቡን ምት፣ የላቡን ሙቀት ከሥር ያነባል፤ ያነበበውን ቤዝ፣ ያንን ደረት የሚመታ ወፍራም ድምፅ፣ ያደርገዋል፣ ከበሮ ያደርገዋል፣ አንዳንዴም ዘፈን የሚመስል ነገር ያደርገዋል። የወጣው ሙዚቃ ለጨፋሪዎቹ በአዳራሹ ይለቀቃል፤ ባሕር ማዶ ሌሊት ለሆነባቸው ሰዎች ደግሞ እዚያው በዚያው ጆሯቸው ውስጥ ይገባል። እነሱ በየክፍላቸው ብቻቸውን ይጨፍራሉ። እዚህ ጠዋት ነው፤ በኋላ ምስር ወጥ ይበላል።

እንግዲህ ይትባረክ ይህን ሥራ ከጀመሩት አንዱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥሩ ልብ ነበረው፤ ጠፍቶ የቆየው ቤዝ ገና ሳይመለስ ፀጉሩ ይቆም ነበር። ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ሁሉ ለጥ አለበት። እያንዳንዱ ሠራተኛ እጁ ላይ አምባር አለ፤ ሰውየው የምር ሲሰማው አምባሩ ብርቱካናማ ይበራል፣ ካልተሰማው አመድ ይመስላል። የይትባረክ አመድ ከሆነ ወራት ተቆጥረዋል። ያልሞከረው የለም። ሌሎቹ የየራሳቸው ዘዴ አላቸው፤ አንዱ የፍቺውን ቀን ያስታውሳል፣ አንዷ በልጅነቷ የጠፋባትን ውሻ ትጠራለች፣ አንዱ ሞኝ ደግሞ ቃሪያ ጎርሶ ይገባ ነበር፣ ተያዘ እንጂ። ይትባረክ ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰሞን «በቃ፣ ይሄ እንኳ ይነበባል» ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ወለሉ ምንም አላገኘም።

ተቆጣጣሪው ናኦድ የሚባል ለስላሳ ወጣት ነው፤ ሰው ሲያባርር እንኳ ከወንበሩ ብድግ ይላል።

«አቶ ይትባረክ፣ ንባብዎ ለጥ ብሏል» አለው ሰኞ ዕለት። «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልተሻሻለ ምልክትዎን ለሌላ ሰው ለመስጠት እንገደዳለን። በጣም አዝናለሁ።»

ናኦድ የምር አዝኖ ነበር፤ የገዛ አምባሩ ቦግ ብሎ ነበር። ይትባረክ መደንገጥ እንዳለበት ያውቃል። ከዚህ ወለል ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፣ ዕድሜውም አርባን ዘሏል። ቆሞ መደንገጡን ጠበቀ። አልመጣም። ችግሩም ይሄው ነበር።

በቀኙ ያለው ምልክት የወይንሸት ነው። በአዳራሽ ሰባት እንደሷ የሚነበብ ሰው የለም፤ ስታስነጥስ እንኳ ቤዙ ያምራል ይሏታል። ሳቂታ ናት፣ አፏም አያርፍም፤ እየጨፈረች ስለ ዘይት፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሕልሟ ታወራለች። ይትባረክን «የኔ አመድ» ትለዋለች፤ ሌላ ሰው ቢላት ያስከፋ ነበር። የእናቱ የልብስ ስፌት ሙያ የገባትም እሷ ናት። የይትባረክ እናት፣ እማማ የሺ፣ በእግር የሚረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና አላቸው። ወይንሸት ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎናቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ እግራቸው መርገጫው ላይ ተረከዝና ጣት እያለ ሲሄድ እያየች፣ «እማማ፣ እርስዎኮ ጨፋሪ ነዎት፤ አዳራሽ ሰባት ላስቀጥርዎት» ትላቸዋለች። እሳቸው ክሩን በጥርሳቸው በጠስ ያደርጉና ይስቃሉ።

የወይንሸት አባት ጋሽ ሰይፈ ደግሞ የድሮው ዘመን ሰው ናቸው፤ ቦሌ ከነበሩት ክለቦች በአንዱ በረኛ ነበሩ። ሙሉ ወጣትነታቸውን ሃውስ ሲሰሙ ኖረው አንድ ቀን እንኳ ውስጥ ገብተው አልጨፈሩም። የሚሰሙት ከብረቱ በር ወዲህ ነበር፤ በበሩ የሚያልፈው ደግሞ ቤዙ ብቻ ነው። የራሳቸው ልማድ ነበራቸው። ቤዙ ጠፍቶ ውስጥ ያለው ሰው ሲጮህ ሰልፈኛውን በክንዳቸው ይዘው ያቆሙታል። ቤዙ ሲመለስ በመዳፋቸው በሩን ሁለት ጊዜ ጓ፣ ጓ ያደርጉና «ግቡ!» ይላሉ። ሰው ደስታው መሀል ላይ ይግባ ብለው ነው። ከሸመገሉ በኋላም ወሬ ሲጥማቸው ጠረጴዛውን ሁለቴ መምታት አልተዉም። አንድ ጊዜ ወይንሸት ከየትም ከየትም ብላ ከዘፈኖቹ አንዱን አግኝታ ከፈተችላቸው፤ ይትባረክም ነበረ። ጋሽ ሰይፈ ጆሯቸውን ሰጥተው እስከ መጨረሻው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ አይደለም» አሉ። «የኔው በር ነበረው።»

ማክሰኞ ከሰዓት ይትባረክ ከፈረቃ ሲወጣ እትዬ አሰገደች ጭማቂ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። እትዬ አሰገደች የጨፋሪዎቹ እድር ሊቀመንበር ናቸው፤ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ እሳቸውም ወለል ላይ ነበሩ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉት። ያዘዙትን ጭማቂ አልነኩትም። «ጋሽ ሰይፈ አረፉ።»

«የት?»

«እዚያው አዳማ፣ ትልቋ ልጃቸው ጋ። ለሳንባዬ ሙቀት ይሻለኛል ብለው አይደል የሄዱት። ዛሬ ረፋዱ ላይ ነው። ልጅቷ አስከሬኑን ይዛ ነገ ማታ ትገባለች። ለወይንሸት ሐሙስ ማለዳ እንነግራታለን፣ ሰው ተሰብስቦ፣ እንደ ወጉ።»

«ስልኳስ?»

«ተቆልፏል።»

የመርዶ ቁልፍ የሚባለው የስልክ አገልግሎት ነው። ሦስት ሽማግሌ ጣቱን ካሳረፈበት፣ ስለ ሟቹ የሚነገር ማንኛውም መልእክት እስከተባለው ማለዳ ታግቶ ይቆያል። የሚደውል ሰው ካለ አንዲት ጨዋ የምትመስል ድምፅ «ገና አልሰማችም» ትለዋለች፤ ያ ሰው ወሬውን ትቶ ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ድሮ ሰው ከሰው እየተጠቃቀሰ የሚደብቀውን ነው አሁን ኔትወርኩ የሚደብቀው።

«ታዲያ ለኔ ለምን ነገሩኝ?» አለ ይትባረክ።

እትዬ አሰገደች ብርጭቆውን አንዴ አዞሩት። «ነገ ሥራ ትገባለች። አትግቢ ብንላት ትጠረጥራለች። ድንገት ወሬ ቢያመልጥ ግን ደግፎ የሚያወጣት አንድ ሰው ከጎኗ ያስፈልጋል። ሌላው ጨፋሪ ካወቀ ወለሉ ያነበዋል፣ ሙዚቃው ይለወጣል፣ እሷ ደግሞ ጆሮዋ አይጣል ነው። ብቻዋን፣ ባዶ እግሯን፣ ሥራ ቦታ ላይ አባቷን ትስማ? አይሆንም። አንተ ግን… አፈር ስሆን፣ አትቀየመኝ።»

«እኔ ምንም አልነበብም።»

«አዎ ልጄ።»

«አልተቀየምኩም» አለ። እውነቱን ነበር፤ መቀየሙንም ፈልጎ አላገኘውም። ነገሩ ግን ገብቶታል። ነገም እንደ ዛሬው አመድ ከሆነ ወይንሸት አባቷን እንደ ወጉ ትሰማለች፣ እሱም ከወለሉ ይነሳል። አምባሩ ከበራ ደግሞ እንጀራው ይተርፋል፣ እሷ ግን እዚያው ትሰበራለች። «ሆድ ይፍጀው» አለና ተነሳ። እማማ የሺ ለጋሽ ሰይፈ ያስተካክሉት ኮት ቤት ተሰቅሎ እንደነበር ትዝ አለው። ትዝ ቢለውም ምንም አላለውም።

ረቡዕ ጠዋት ወይንሸት ሰልፉ ላይ ከሩቅ ጠራችው። በእጇ የካርቶን ሳጥን ይዛለች።

«የኔ አመድ! ና እስኪ፣ በሞቴ። ለአባዬ የቤት ጫማ ገዛሁለት። ውስጡ ፀጉር ነው፣ እየው። አዳማ ሙቀት ነው ትለኛለህ አይደል? የሱ እግር ሐምሌም ነሐሴም በረዶ ነው። ግን ቁጥሩን እንጃ። ያንተ እግር ከሱ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

«እኩል ነው መሰለኝ።»

«በል ለካልኝ።»

«ወይኒ፣ በሩ ሊከፈት ነው…»

«ኧረ በሕግ! ጫማህን እንደሆን ታወልቀዋለህ። ስልኩንኮ አያነሳም፤ መድኃኒት ቀይረውለት እንቅልፍ በዝቶበታል አለች እህቴ። ከነቃ በኋላ አልሆነኝም ብሎ እንዳያኮርፍብኝ።»

ይትባረክ ጫማውን አወለቀና እግሩን አስገባ። ልክ ነበር። ፀጉሩ ለስላሳ ነው፣ ይሞቃል። ወይንሸት ተንበርክካ ተረከዙን በአውራ ጣቷ ጫን እያደረገች ለካችውና «ደስ ሲል!» አለች። ከኋላ ያሉት «ግቡ እንጂ» እያሉ ገፏቸው። ይትባረክ ጫማውን መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ሲያኖር እግሩ በረደው። ብርዱን አስተዋለው። ምንም ነገር ካስተዋለ ቆይቶ ነበር።

ፈረቃው እንደ ወትሮው ተጀመረ። ስልሳ ሰው በባዶ እግሩ ረገጠ፣ ወለሉ አዳመጠ፣ ቤዙ ቀስ ብሎ ከሥር መጣ። ወይንሸት ስለ ጫማው ሻጭ ታወራለች። ይትባረክ ዓይኑን የፊት ለፊቱ ሰው ማጅራት ላይ ተክሎ ይረግጣል። አመድ ነው፣ ጥሩ። ብዙ ቆየ። አለቃው ናኦድ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስታወት ኋላ አይቶት አንገቱን አዘነበለ።

ከዚያ ቤዙ እንደ ልማዱ ጠፋ። ይሄ የሃውስ ነገር ነው፤ ቤዙ ይጠፋል፣ ሰዉ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ይመለሳል። በዚያች ክፍተት ይትባረክ ጋሽ ሰይፈን ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ሰልፈኛውን ይዘው፣ ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘንብለው አያቸው። ሊያስብበት ፈልጎ አይደለም። የቀኝ እጁ ብቻውን ተነሳና ጭኑን ሁለቴ መታው።

ወለሉ ያችን አነበበ።

ቤዙ ሲመለስ ብቻውን ተመለሰ። ጭብጨባው የለም፣ ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ የለም፤ አንድ ወፍራም ነገር ብረት ጀርባ ቆሞ የሚመታ ይመስል ነበር። አዳራሹ ሙሉ ግራ ገባውና በዝግታ ተከተለው። ከዚያ ከጣሪያው ሁለት ጊዜ መጣ፦ ጓ፣ ጓ።

ወይንሸት ወሬዋን አቋረጠች።

«ይሄ…» አለች። «ይሄኮ የአባዬ በር ነው።»

ይትባረክ ቀና አላለም። እሷ ግን ፊቱን ትታ እጁን አየች። አምባሩ ብርቱካናማ ሆኖ ይነድዳል።

«ይትባረክ። በርተሃል።»

«ምንም የለም። ጨፍሪ።»

«ትናንት እትዬ አሰገደች አግኝተውህ ነበር?»

ይትባረክ አምባሩን በሌላው እጁ ሸፈነው። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ወይንሸት እግሯ አልቆመም። ጨፋሪ ስትሆን እግር በራሱ ይሄዳል።

«በቃ አትንገረኝ» አለች በቀስታ። «በናትህ አትንገረኝ። ሰው ተሰብስቦ ይንገረኝ፤ ብቻዬን አልሰማም። መቼ ነው?»

«ነገ ማለዳ።»

«እሺ። እስከ ነገ ገና አልሰማሁም።»

እና ጨፈረች። እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ ወለሉ ላይ ይወድቃል፣ ወለሉ እሱንም ያነባል። በሩ እየተመታ፣ እየተመታ፣ ስልሳ ሰው የማን እንደሆነ በማያውቀው በር ውስጥ ደጋግሞ ገባ።

ፈረቃው ሲያልቅ ናኦድ እየሮጠ መጣ። እንዲህ ያለ ንባብ አዳራሹ ከተከፈተ ጀምሮ ታይቶ አይታወቅም አለ። ባሕር ማዶ የሚሰሙት ሰዎች ጭፈራቸውን አቁመው ወደየቤታቸው በር ሄደው መዳፋቸውን አሳርፈውበታል፤ ለምን እንዳደረጉት ሲጠየቁ አያውቁትም። የይትባረክን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠው። «ምልክትዎ የእርስዎ ነው። ምን አስበው እንደሆነ ግን ቢነግሩን…»

ሐሙስ ማለዳ እትዬ አሰገደችና ሽማግሌዎቹ የወይንሸትን በር አንኳኩ። ተጣጥባ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ፣ ቤቱን ጠርጋ ነበር። እንደ ወጉ ነገሯት፣ እሷም እንደ ወጉ ጮኸች። ጩኸቷ እውነት ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። የቤት ጫማዎቹን ደረቷ ላይ ይዛ ወደቀች። ይትባረክ ድንኳኑ ጥግ ላይ ወንበር እየደረደረ ራሱን ፈተሸ። ትናንት የተሰማው ነገር የለም፤ ሄዷል። ሰው ሁሉ «ምን ሆነህ ነው አንተ ደግሞ» ብሎ እንዳያየው አንገቱን ደፋ።

የሐዘኑ ሰባት ቀን ሳያልቅ ናኦድ፣ መርዶውን ሰምቶ የንባቡ ምስጢር ገብቶት፣ እድሩ ስብሰባ ላይ መጣ። በእጁ የሐዘን አበባ ይዟል። ሐሳቡን ሲያስረዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ድርጅቱ ባህሉን ያከብራል አለ፤ እንዲያውም ሊያግዝ ይፈልጋል። ከእድሩ አባል ቤት ሐዘን ሲደርስ መጀመሪያ ለአዳራሹ ይነገር፤ መርዶው አንድ ፈረቃ ይቆይ፤ በዚያ ፈረቃ ከሐዘንተኛው በቀር ሌላው ጨፋሪ ይወቅ። በምላሹ ድንኳኑንም፣ ቀብሩንም፣ ተዝካሩንም ድርጅቱ ይችላል።

እትዬ አሰገደች ብድግ አሉ። «ደስታችንን ወሰዳችሁ፣ እሺ፣ ምን አባቱ። ሞታችንንም ደግሞ?»

«እማማ፣ እኛ የምንጨምረው ነገር የለም» አለ ናኦድ። «እናንተው ከድሮም ትደብቁታላችሁ።»

ከዚያ ወይንሸት ጥቁሯን እንደለበሰች ከኋላ ተነሳች። ሰው ሁሉ ትቃወማለች ብሎ ጠበቀ።

«እኔ አባዬን የሰማሁት ወለሉ ላይ ነው» አለች። «ድንኳን ውስጥማ ስሙን ብቻ ነው የሰማሁት።»

የተስማማችሁ እጅ አውጡ ተባለ። ይትባረክ ግራውንም ቀኙንም አየ፤ እጅ ሁሉ ወጥቷል። እሱም አወጣ። ሲያወጣ ምንም አልተሰማውም። እትዬ አሰገደች ብቻቸውን እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳኖሩ ቀሩ፤ ከዚያ በኋላ ሊቀመንበርነቱን ተዉት።

እነሆ ሃውስ እንደገና ነገሠ። አዳማ ላይ አዳራሽ ተከፈተ፣ ሐዋሳ ላይ ተከፈተ። ጋዜጦች ስለ ሃውስ መመለስ ረጃጅም ነገር ጻፉ፤ የአዲስ አበባው ድምፅ ጥልቀት አለው፣ አንድ የተደበቀ ነገር አለበት፣ ቅንነት ነው ምስጢሩ አሉ። ጨፋሪዎቹ ደግሞ አዲስ ልማድ አወጡ። ጠዋት ሰልፉ ላይ ማንም ስለ አየሩ አያወራም፤ ሁሉም የሁሉንም ዓይን ያያል። ዓይንህን የሚሸሽ ሰው ካልበዛ፣ እሰይ፣ ዛሬ ያንተ ቀን አይደለም። አንዳንዱ ለዘመዶቹ ጠዋት ጠዋት መደወል ጀመረ። ድምፃቸውን ከሰማ ጫማውን በሰላም ያወልቃል።

ይትባረክም ይደውል ነበር። እማማ የሺ ደብረ ብርሃን እህታቸው ጋ ሰንብተው ሊመጡ ከሄዱ ወዲህ በየማለዳው «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ» ይላል፤ እሳቸውም «ለጭፈራህ አትዘግይ» ይሉታል። አንድ ቀን ጠዋት ግን አላነሱም። ጠበል ሄደው ይሆናል አለ።

በሩ ላይ ናኦድ ቆሞ ነበር። «እንደምን አደሩ አቶ ይትባረክ» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው። የፊት ለፊቱ ሰው ዓይኑን ሸሽቶ መሬት መሬቱን እያየ ገባ። ወይንሸት ቀድማው ምልክቷ ላይ ቆማለች። «የኔ አመድ» አላለችውም።

ቤዙ መጣ። ስልሳ ሰው ረገጠ። ይትባረክ ከጎኑ የወይንሸትን እግር አየ፤ እንደ ሁልጊዜው አትዘልም፤ ተረከዝና ጣት፣ ተረከዝና ጣት እያለች አንድ ቦታ ትረግጣለች። ከላይ አንድ ቀጭን ድምፅ ጀመረ። ፈጣን ነው፣ ጥድፊያ አለው፤ ጨርቅ ላይ እንደሚሮጥ መርፌ ቲክ ቲክ ቲክ ይላል። ድንገት ቆመ። አዳራሹ ሙሉ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ክር በጥርስ በጠስ እንደማለት ያለ ነገር ተሰማ። ከዚያ እንደገና ጀመረ።

«ወይኒ» አለ። «እግርሽ።»

«እግሬ ምን ሆነ?»

«እማዬ ናት?»

ወይንሸት ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች። ጉንጯ ርሷል።

«ምንም የለም» አለች። «ጨፍር።»

«እሺ» አለ። «ነገ ማለዳ ቤት እኖራለሁ።»

በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ያምራል፣ ብሎ አሰበ። ወይ ጉድ፣ እንዴት ያምራል። ባሕር ማዶ ይሄኔ ሰው ሁሉ ከአልጋው ተነስቷል። መርፌው ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ክሩ ይበጠሳል፣ ይቀጥላል። ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ። የፊት ለፊቱ ሰው አምባር ብርቱካናማ ነው። የወይንሸት ይነድዳል። የናኦድ ከመስታወቱ ኋላ ቦግ ይላል። አዳራሽ ሰባት ከዳር እስከ ዳር ለእማማ የሺ በርቷል።

ይትባረክ የራሱን እጅ ቀና አድርጎ አየ። አመድ ነው። ጠበቀ። ክሩ ተበጠሰ፣ መርፌው ተነሳ፤ ጠበቀ። በአዳራሹ ውስጥ ያልበራው የሳቸው ልጅ ብቻ ነበር። እጁን ዝቅ አደረገና እግሩን ከሰዉ ጋር አስተካከለ፤ ፈረቃው ሊያልቅ ገና ብዙ ይቀረው ነበር።